ከመርከብ ስፓ እስከ ደጋው ቤት፦ ሙቀት በገላችን ላይ ምን ይሠራል?

ቢቸናና ሞጣ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ለእነዚህ ከተሞች ተማሪዎች በባሕር ላይ ስለሚንሳፈፍ መርከብና በውስጡ ስላለው የገላ መታጠቢያ መጻፍ ከጉዳይ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በመርከቡ የእንፋሎት ክፍል የሚሠራው የፊዚክስ ሕግ ሞጣ ላይ ሽሮ በሚንተከተክበት ድስትም፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ጋቢ ተከናንቦ በባሕር ዛፍ ቅጠል በሚታጠንበት ቤትም ያው ነው። እንዲያውም ከፍታው ጥያቄውን ይበልጥ አስደሳች ያደርገዋል።

በቅድሚያ ስለ መርከቡ ጥቂት እንበል። የሽርሽር መርከብ መንገደኛን ከአንድ ወደብ ወደ ሌላው ለማድረስ ብቻ ሳይሆን፣ ጉዞውን ራሱን መዝናኛ ለማድረግ የተሠራ ተንሳፋፊ ሆቴል ነው። ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ ስፓ ነው። ቃሉ የተወረሰው ቤልጂየም ውስጥ ስፓ ከተባለች፣ በማዕድን ውሃዋ ከምትታወቅ ከተማ ነው። በመርከብ ላይ ገላን በሙቀት ማፍታታት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1912 የሰመጠችው ታይታኒክ የቱርክ መታጠቢያ የሚባል የሙቀት ክፍል ነበራት። ክፍሉ ለአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፣ መግቢያው አራት ሽልንግ ወይም አንድ ዶላር ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሴቶች ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት፣ ወንዶች ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይስተናገዱበት ነበር።

በዘመናችን መርከቦች ማዕረጉ በሌላ መልክ ቀጥሏል። የስፓ ካቢን የሚባሉ ማደሪያ ክፍሎች አሉ። እነዚህ ከስፓው አጠገብ ወይም በቀላሉ ከሚደረስበት ቦታ የተሠሩ ሲሆን፣ የክፍሉን ዋጋ የከፈለ ሰው ሳውናውን፣ የእንፋሎት ክፍሉንና ሙቅ ገንዳውን በጉዞው ዘመን ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ2006 አገልግሎት የጀመረችውና በ2012 ጣሊያን ውስጥ በጂሊዮ ደሴት አጠገብ ተገልብጣ ለ32 ሰዎች ሞት ምክንያት የሆነችው ኮስታ ኮንኮርዲያ እንዲህ ያሉ ካቢኖች ነበሯት። በተራ ካቢን ያረፈ ተሳፋሪ ግን ቦታ ከተገኘ የቀን ወይም የሙሉ ጉዞ መግቢያ ይገዛል። መታሻው (ማሳጅ) ብዙውን ጊዜ ለሁለቱም ለብቻው ይከፈልበታል። እንግዲህ የስፓ ካቢን የገዛ ሰው የገዛው ቅርበትንና የሰዓት ነጻነትን ነው። ገላው ሙቀትን የሚችልበት ጊዜ ግን በካቢኑ ዋጋ አይረዝምም። ምክንያቱን ወደ ኋላ በስሌት እናየዋለን።

በአገራችን የዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ጥንተ መሠረቱ ፍልውሃ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱንና መኳንንቱን ከእንጦጦ ጉባ ወደ ሜዳው ካወረዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ከምድር የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ መሆኑ በታሪክ ይታወቃል። ዛሬም በፍልውሃ ድርጅት የመታጠቢያ ክፍሎች በደረጃ ተለይተው ይከራያሉ፤ በዚህ ረገድ ከመርከቡ ብዙም አይለይም። ወደ ጎጃም ስንቀርብ፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር ዞን በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ዋንዛዬ የሚባል ፍልውሃ አለ። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ለአካባቢያችን ሰው ከአዲስ አበባው ይልቅ ይህ ይቀርባል። ሕዝቡ ዋንዛዬን በጸበልነት ስለሚያየው በሽተኞች ለቀናት እየሰነበቱ ይጠመቁበታል። ስለ ጸበሉ በረከት መናገር የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም፤ ስለ ሙቀቱ ግን መናገር ይቻላል።

ውሃው በምን ይሞቃል?

የፍልውሃ ምንጭ የዝናብ ውሃ ነው። በአለት ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ጥልቀት ሲወርድ የምድር ሙቀት ያገኘዋል። በአብዛኛው የምድር ክፍል በየአንድ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል፤ እሳተ ገሞራ በቅርብ ዘመን (በሥነ ምድር አቆጣጠር በቅርብ ማለት ነው) በነበረባቸውና ምድር በተሰነጠቀባቸው ቦታዎች ደግሞ ጭማሪው ከዚህ የፈጠነ ነው። የሞቀው ውሃ ስለሚቀልል በሌላ ስንጥቅ ወደ ላይ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ከአለቱ ማዕድን ያሟሟል፤ የፍልውሃ ልዩ ጣዕምና ሽታ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መርከብ ግን ከምድር ሙቀት የተለየ ነው። ከባሕር የሚቀዳው ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ለመታጠቢያ ከመድረሱ በፊት ጨዉ መለየት አለበት። ከዘዴዎቹ አንዱ እጅግ ብልሃት የተሞላበት ነው። የመርከቡን ሞተር ለማቀዝቀዝ የሚዘዋወረው ውሃ 80 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ይህ ሙቀት በባሕር ወለል ላይ ውሃ ለማፍላት አይበቃም፤ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነውና። በመሆኑም መሐንዲሶቹ የባሕሩን ውሃ አየሩ በፓምፕ በተመጠጠለት ጋን ውስጥ ያስገቡታል። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው ከ60 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ እንፋሎቱ ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ ሲቀዘቅዝ ንጹሕ ውሃ ይሆናል፤ ጨዉ ከኋላ ይቀራል። ሊባክን የነበረው የሞተር ሙቀት በዚህ መንገድ ለተሳፋሪው መታጠቢያ ይሆናል።

አሁን ወደ ሞጣ እንመለስ። ሞጣ ላይ አየሩን የመጠጠ ፓምፕ የለም፤ ከፍታው ግን ያንኑ ሥራ በመጠኑ ይሠራል። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል ሲሆን በ2,500 ሜትር ላይ ወደ 75 ኪሎፓስካል ይወርዳል። እንደ ግምታዊ ሕግ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የውሃ መፍያ በአንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ፦

2,500 ÷ 300 = 8.3፤ 100 – 8.3 = 91.7 ዲግሪ።

በቢቸናና በሞጣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው ማለት ነው። ባቄላ ለመብሰል ጊዜ የሚወስድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እሳቱን ብናበረታው ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ እስከ ድልድዩ የወረደ ሰው ያንኑ ድስት ቢጥድ መፍያው ከአራት ዲግሪ በላይ ጨምሮ ያገኘዋል። አንባቢ ቴርሞሜትር ካለው ሊሞክረው ይችላል።

ሦስት ዓይነት ሙቀት

በስፓ ውስጥ ሙቀት ለገላ የሚቀርበው በሦስት መንገድ ነው፦ በውሃ፣ በደረቅ አየርና በእንፋሎት። ተማሪዎችን ዘወትር የሚያስገርማቸው ቁጥሮቹ እርስ በርስ የሚጣሉ መምሰላቸው ነው። የሳውና አየር ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሰው ግን ተቀምጦበት ያወጋል። የእንፋሎት ክፍል 45 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ከሳውናው ያላነሰ ያስጨንቃል። ለሙቅ ገንዳ ደግሞ ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ ይመከራል፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ቆዳን በጥቂት ሴኮንዶች ያቃጥላል።

የውሃው ጉዳይ ቀላል ነው። ውሃ ሙቀትን በማስተላለፍ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በተጨማሪም ገላው በውሃ ተውጦ ሳለ ላብ ሊተን አይችልም። ቆዳ ለውጭ አየር የተገለጠው በፊትና በጭንቅላት ላይ ብቻ ነው።

ደረቁንና እርጥቡን ሙቀት ለመረዳት ላብን በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲወጣ ሳይሆን ሲተን ነው። አንድ ግራም ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሰውን ገላ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ደግሞ ለአንድ ኪሎ ግራም 3,500 ጁል ገደማ ያስፈልጋል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተማሪ በሳውና ውስጥ 500 ግራም ላብ አፈሰሰ እንበል። ላቡ ሁሉ ከቆዳው ላይ ቢተን የሚወስደው ሙቀት፦

500 × 2,400 = 1,200,000 ጁል።

የተማሪውን ገላ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው፦

60 × 3,500 = 210,000 ጁል።

ሁለቱን ብናካፍል 5.7 ዲግሪ እናገኛለን። ይህ ማለት ያ ግማሽ ኪሎ ላብ ባይተን ኖሮና ሙቀቱ በገላ ውስጥ ቢቀር ኖሮ የ37 ዲግሪው ገላ ወደ 43 ዲግሪ ይጠጋ ነበር። ይህን ደግሞ ሰው አይተርፈውም። እርግጥ በተግባር የላቡ ከፊል መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ የተንጠባጠበው ምንም አያቀዘቅዝም።

ላብ የሚተነው ግን በቆዳ ላይ ያለው የውሃ ተን ግፊት በአየሩ ውስጥ ካለው ሲበልጥ ነው። በ37 ዲግሪ እርጥብ ቆዳ ላይ ይህ ግፊት 6.3 ኪሎፓስካል ነው። በ85 ዲግሪ ሳውና ውስጥ እርጥበቱ 10 በመቶ ቢሆን የተኑ ግፊት 5.8 ኪሎፓስካል ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ወደ ቆዳው ወገን ያደላል፤ ላብም ይተናል። በጋለው ድንጋይ ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ ሲፈስ ግን ሚዛኑ ወዲያው ይገለበጣል። ቴርሞሜትሩ ሳይጨምር ሰው የሚጮኸው ለዚህ ነው። በ45 ዲግሪ የእንፋሎት ክፍል ውስጥ የተኑ ግፊት 9.6 ኪሎፓስካል ስለሆነ ላብ ከቶ አይተንም። ይባስ ብሎ እንፋሎቱ ራሱ ቆዳ ላይ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ በየግራሙም ያንኑ 2,400 ጁል ለገላ ይሰጣል። በእንፋሎት ክፍል ግንባራችንን የሚያጥበው ውሃ ላባችን ሁሉ መስሎን «መርዝ ወጣልኝ» የምንል ብዙዎች ነን። ጉልህ ድርሻው ግን ከክፍሉ አየር የመጣ ውሃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተማሪ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሞጣ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ከፈላ የሞጣ የእንፋሎት ክፍል ከመርከቡ ይቀዘቅዛል ማለት ነውን? አይደለም። ለተወሰነ ሙቀት አየር ሊሸከመው የሚችለው የውሃ ተን ግፊት በሙቀቱ እንጂ በከፍታው አይወሰንም። 45 ዲግሪ የሆነና በተን የጠገበ ክፍል በባሕር ላይም በደጋም 9.6 ኪሎፓስካል ነው።

ገላው ስንት ደቂቃ ይችላል?

ሙቀት ሲበዛ ልብ ደምን ወደ ቆዳ ለመላክ ትፈጥናለች። የቆዳ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ የደም ግፊት ይወርዳል። ተኝቶ ወይም ተቀምጦ የቆየ ሰው ድንገት ብድግ ሲል ዓይኑ የሚጨልመውና የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። በእርጥብ ንጣፍ ላይ መውደቅ ደግሞ ከሙቀቱ የባሰ ጉዳት አለው። አረቄ ወይም ሌላ አልኮል የጠጣ ሰው ደም ሥሩ አስቀድሞ ስለሰፋና ማስተዋሉም ስለቀነሰ አደጋው ይበልጣል። ነፍሰ ጡር ሴት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የገላዋ ሙቀት ከ39 ዲግሪ እንዲያልፍ ማድረግ የለባትም፤ በዚያ ጊዜ የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር እየተሠሩ ናቸውና።

ፊንላንድ የሳውና አገር ናት፤ የሳውና ባህሏም እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በምሥራቅ ፊንላንድ 2,315 ወንዶችን ከ20 ዓመት በላይ የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ በሳምንት ከአራት እስከ ሰባት ቀን ሳውና የሚገቡት አንድ ቀን ብቻ ከሚገቡት ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚሞቱት ጥቂት እንደሆኑ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ጥናት ሳውና ልብን ማዳኑን አያረጋግጥም፤ ልቡ ጤነኛ የሆነ ሰው ሳውና ማዘውተር ይቀልለው ይሆናል። ጥንቃቄ ያለበት አንባቢ ሁለቱን ይለያል።

በዚያችው አገር በሄይኖላ ከተማ የዓለም የሳውና ውድድር ይካሄድ ነበር። የሙቀቱ መጠን 110 ዲግሪ ሆኖ በየግማሽ ደቂቃው በድንጋዩ ላይ ውሃ ይፈስሳል፤ መጨረሻ የወጣ ያሸንፋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 ለፍጻሜ የደረሱት ሁለት ሰዎች ስድስት ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ ተዝለፍልፈው ወደቁ። አንደኛው ሞተ፤ ሁለተኛው በጽኑ ተቃጠለ። ውድድሩም ከዚያ በኋላ አልተካሄደም። ሁለቱም ልምድ ያላቸው ነበሩ። ከላይ ያየነውን ሚዛን ያስታወሰ አንባቢ ውሃው በየግማሽ ደቂቃው መፍሰሱ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል፤ ላባቸው የሚተንበት ዕድል አልነበራቸውም።

በገንዳው ውስጥ ያልታየው

ሌላው ጉዳይ ከሙቀት ይልቅ ሙቀት ከሚያሳድገው ነገር ጋር ይያያዛል። ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ ይራባል፤ ይኸውም ሰው የሚወደው የመታጠቢያ ሙቀት ነው። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ፣ ለስብሰባ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች በሳንባ ምች ከታመሙ በኋላ ነው። በሽታው በመጠጣት ሳይሆን በአየር ላይ የተበተነውን ጠብታ በመተንፈስ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሆራይዘን በተባለች የሽርሽር መርከብ፣ በዘጠኝ የተለያዩ ጉዞዎች የነበሩ 50 ተሳፋሪዎች በዚህ በሽታ ታመሙ። ምንጩ የመርከቧ አረፋማ ሙቅ ገንዳ ሆኖ ተገኘ፤ ባክቴሪያው ውሃውን በሚያጣራው አሸዋ ውስጥ ሰፍሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ በውሃው ውስጥ በቆዩበት በእያንዳንዱ ሰዓት የመታመም ዕድል በ64 በመቶ እንደሚጨምር አሰሉ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ገንዳው ውስጥ ሳይገቡ አጠገቡ የተቀመጡትም መታመማቸው ነው፤ አረፋው ሲፈነዳ የሚረጨው ጠብታ የመግቢያ ፈቃድ አይጠይቅም። ዛሬ በየከተማው ሙቅ ገንዳና እንፋሎት እየተስፋፋ ስለሆነ ውሃው በክሎሪን መታከሙንና ማጣሪያው መታጠቡን መጠየቅ ቅብጠት አይደለም።

መርከብም ፍልውሃም ለሌለው

ከገጠር ቀበሌ መጥተው ቢቸና ወይም ሞጣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ሙቀት የሚያገኙት ከከሰል ነው። የደጋው ሌሊት ብርድ የታወቀ ነው። ምድጃው ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ የበሩ ሥር በጨርቅ ይደፈናል። ክፍሏ በራሷ ትንሽ ሳውና ሆነች ማለት ነው፤ ልዩነቱ እሳቱ ከሰዎቹ ጋር በአንድ አየር መተንፈሱ ነው።

ከሰል በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ ይበልጥ አስተማማኝ የሚመስለውም ለዚህ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የደጋው ከፍታ እዚህ ላይ ጠላት ይሆናል። የኦክስጅን ድርሻ ግፊት በባሕር ወለል 21 ኪሎፓስካል ሲሆን በ2,500 ሜትር ላይ ወደ 16 ይወርዳል። ሁለቱ ጋዞች በሄሞግሎቢን ላይ ሲሻሙ የኦክስጅን ወገን አስቀድሞ ሩቡን አጥቶ ነው የሚገባው። በመርከብ ወለል ላይ ራስ ምታት የሚሰጥ የጋዝ መጠን በሞጣ የባሰ ሊጎዳ ይችላል።

ጋዙ ከደም ለመውጣትም አይቸኩልም። ንጹሕ አየር እየተነፈሰ ያለ ሰው በደሙ ካለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግማሹን ለማስወገድ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሐኪም ቤት በጭንብል ኦክስጅን ሲሰጠው ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያጥራል። በመሆኑም ራሱን የሳተ ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ «ነፋስ ይምታው» ብሎ መተው አይበቃም፤ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ከሰሉ ከደጅ ተያይዞ፣ ክፍሉን አሙቆ፣ ከመኝታ በፊት ፍሙ ሁሉ ወደ ውጭ መውጣት ይኖርበታል፤ መስኮትም በጥቂቱ ክፍት መሆን አለበት። ይህ የሚያስወጣው የሙቀት መጠን ጥቂት ነው፤ አንድ ተጨማሪ ጋቢ ይተካዋል።

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው። እነዚህ ደግሞ የጉንፋንም ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ታማሚው ብርድ የመታው ይመስለውና በሩን ይበልጥ ይዘጋል፤ ፍሙንም ወደ አልጋው ያስጠጋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች በአንድ ሰዓት ራሳቸውን ካመማቸው ግን ጉንፋን እንዲህ በአንድነት ስለማይጀምር መጀመሪያ የሚከፈተው በሩ ነው።